የኤሌኒ ብልቃጥ

ትሩፋት ልጇን ቀብራ፣ ሐዘኗን ተቀምጣ ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ ልጇን የገደለው ባክቴሪያ ቀድሟት ገብቶ ፍሪዘሯ ውስጥ ጠበቃት።

ሥራዋ ይኸው ነበር። ሌኒንግራድ ተልካ የተማረችው ስለ ኢንዛይም ነው፤ አገሯ ተመልሳ በአንድ የመንግሥት የምርምር ተቋም ስትቀጠርም መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች እንድትመረምር ተመደበች። ሐኪም ቤቶች ከበሽተኛ የወሰዱትን ናሙና አሳድገው፣ በትንሽ ብልቃጥ አሽገው ይልካሉ። ብልቃጡ ላይ ስም አይጻፍም። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የበሽታው ዓይነት፣ የተወሰደበት ቀን፤ በቃ። ያን ዕለት ጠዋት እሷ በሌለችበት ከመጡት ብልቃጦች አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ስታነብ «ሴት፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ማጅራት ገትር» ይላል። ቀኑን ማንበብ አላስፈለጋትም። ግን አነበበችው።

ብልቃጡን በቦታው መልሳ ኮሪደሩ ላይ ወጣችና ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከኤሌኒ ሰውነት የወጣ፣ እስካሁንም ሕይወት ያለው ነገር በዚህ ዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር።

ኤሌኒ የታመመችው በ1979 ዓ.ም.፣ ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው። ቀኑን በጎረቤታቸው በእትዬ ዙሌካ ግቢ ስትቦርቅ ውላ፣ ማታ ራቴን አልበላም አለች። ትኩሳት ነበራት። ጉንፋን መሰላቸው፤ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገው አስተኟት። እኩለ ሌሊት ሲሆን አንገቷ ደርቆ፣ ዓይኗ ተገልብጦ ትንዘፈዘፍ ጀመር። አባቷ ቦጋለ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቀፋትና በሩን ከፈተ። ከዚያ ቆመ። ሰዓት እላፊ ገብቷል። ቤታቸው መካኒሳ፣ ከወንዙ ማዶ ነው፤ መኪና ወደሚገኝበት አስፋልት ለመውጣት ድልድዩን መሻገር ግድ ነው፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ አብዮት ጥበቃዎች መሣሪያ ይዘው ያድራሉ። በቅርቡ ምጥ ለያዛት ሚስቱ ሰው ሊጠራ የወጣ አንድ የሰፈሩ ሰው እዚያው ላይ ተመትቶ ሞቷል። ቦጋለ ደጃፉ ላይ ልጁን እንዳቀፈ ጨለማውን ሲያይ ቆየና፣ «ትንሽ ነው የቀረው፤ ይንጋ» አለ።

ነጋ። ወፍ ሲንጫጫ ወጥተው ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሙ ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀዳና ወዲያው አምፒሲሊን አስጀመራት፤ በዚያ ሐኪም ቤት ለዚህ በሽታ በቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነበር። አልተሻላትም። በማግስቱ መሸት ሲል አረፈች። ሐኪሙ ዓይናቸውን ሳያይ፣ «መድኃኒቱ አልያዛትም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚያፈርስበት ነገር ሳይኖረው አይቀርም» አላቸው። ትሩፋት ያን ነገር በስሙ ታውቀዋለች። ቤታ ላክታሜዝ ይባላል፤ አምፒሲሊን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይዞ የሚሰብር ኢንዛይም ነው። ስለ እሱ ሌኒንግራድ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፋለች።

ቦጋለ ንፋስ ስልክ በሚገኝ የጭነት መኪና ጋራዥ የመካኒኮች አለቃ ነበር። ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ፣ ኤሌኒን ትከሻው ላይ ሰቅሎ እንደ ኤንትሬ የጭነት መኪና እየጮኸ ግቢውን የሚዞር ሰው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ያን ሌሊት በቆመበት በር መግባት ተወ። በጓሮ ዞሮ፣ በኩሽናው በር ጎንበስ ብሎ ይገባል። ለቅሶ የመጡ ሰዎች ሲያጽናኑት አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አይመልስም። አንድ ቀን ግን ድንኳኑ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት። ደጃፍ ላይ ቆሜ ገደልኳት» አለ። ሁሉም ተንጫጫበት። ትሩፋት አጠገቡ ሄዳ እጁን ያዘች።

«አይደለም፤ አንተ አይደለህም» አለችው።

«በምን አወቅሽ?» አላት።

ይህ ቃል ከሁሉ በላይ ከነከናት። በምን አወቅሽ? የእሷ ትምህርት ደግሞ በምን እንደሚታወቅ ማወቅ ነው። ብልቃጡን ባየች ማግስት ከድርን ልታነጋግር ሄደች።

ከድር የተቋሙ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። ተቋሙ በዕርዳታ ያገኘው አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ የክትባት ዘመቻ ቁጥር ይደመርበታል፤ ከከድር በስተቀር የሚነካው የለም። አቧራ እንዳይገባው እናቱ የጠለፈችውን ዳንቴል ያለብሰዋል።

«ከድር፣ ማሽንህን ለጥቂት ጊዜ ፈልጌው ነበር» አለችው።

«ለምን ሥራ?»

«ኢንዛይም ላሰላበት።»

ከድር ሳቀ። «ኢንዛይም እናንተ በቱቦ የምታዩት መስሎኝ?»

«በቱቦ ያየሁትን ይዤልህ እመጣለሁ። ቱቦው የማይነግረኝን አንተ ታሰላልኛለህ።»

ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ኢንዛይሙን ከባክቴሪያው አውጥታ አምፒሲሊን ትጨምርበትና በደቂቃ ምን ያህል እንደሚሰብር ትለካለች። መድኃኒቱ ሲበዛለት ፍጥነቱ እስከ የት እንደሚጨምር፣ የት ላይ እንደሚያበቃ ትለካለች። በመርፌ ከተሰጠው መድኃኒት ወደ አንጎል ፈሳሽ የሚዘልቀው ምን ያህል እንደሆነ፣ ባክቴሪያው በምን ያህል ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ደግሞ ከሐኪሞች ጽሑፍ ታገኛለች። ይህን ሁሉ በቀመር አያይዞ፣ በየደቂቃው ስንት ባክቴሪያ እንዳለና ስንት መድኃኒት እንደተረፈ እያሰሉ መሄድ በእጅ የሚገፋ ሥራ አይደለም። ማሽን ግን አይታክተውም። መርፌው እኩለ ሌሊት ላይ ተወጋ ብለው ያስጀምሩታል፤ ከዚያ እንደገና፣ ጎህ ሲቀድ ተወጋ ብለው። ሁለቱን ማስተያየት ነው።

የቤተ ሙከራው ሥራ በጋውንም ክረምቱንም ወሰደ። ይህ ባክቴሪያ ደም ካልተቀላቀለበት ምግብ ላይ አያድግም፤ ሙቀት ይወዳል፤ ጥቂት ከተረሳ ይሞታል። ጠዋት ጠዋት የምታሳድግበትን የመስታወት ሳህን ስትከፍት ጤዛ የመሰሉ ግራጫ ነጠብጣቦች ታያለች። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ አድሮ ሳህኑን ባዶ ስታገኘው ክው አለች። ከፍሪዘሩ ሌላ አውጥታ እንደገና እስኪበቅል ድረስ እህል አልቀመሰችም። ለልጇ ገዳይ እንዲህ እንደምትሳሳለት ስታስብ ራሷን ጠላች፤ በማግስቱ ግን ያው ተነሥታ ሳህኑን ልታይ ሄደች።

ቁጥሮቹን ይዛ ስትመጣ ከድር ፕሮግራሙን ጽፎ ጠበቃት። ከወረቀቱ ራስጌ ላይ የናሙናው መጠሪያ መግባት ስላለበት፣ «የማን ናሙና ልበለው?» ብሎ ጠየቃት።

«የኤሌኒ።»

የትኛዋ ኤሌኒ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቀብሩ ላይ አፈር ከመለሱት አንዱ እሱ ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ መጋረጃውን ሳበ፣ በሩን ቆለፈ፤ ከዚያም ቁጥሮቹን ያስገባ ጀመር።

ማሽኑ አንድ ጊዜ አስልቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀበት። መጀመሪያ ጎህ ሲቀድ የተወጋው ስሌት መጣ። አምፒሲሊኑ ገባ፤ ባክቴሪያው በጣም ብዙ ስለነበር ኢንዛይሙም ያንኑ ያህል ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ከአንዱ መርፌ እስከሚቀጥለው ሳይቆይ አለቀ። ትሩፋት ይህን ትጠብቅ ነበር። በማግስቱ የእኩለ ሌሊቱ መጣ። ባክቴሪያው ከጠዋቱ ያነሰ ነበር። መድኃኒቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው ያለቀው፤ ግን አለቀ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ የሁለቱ ስሌቶች የባክቴሪያ መስመሮች ሽቅብ ወጥተው አንድ ሆኑ። የመድኃኒቱን መጠን እጥፍ አድርገው ሞከሩት፤ ያው ነው። ሦስት እጥፍ አደረጉት፤ ያው ነው።

ትሩፋት ወረቀቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በለቅሶ ቤት ያላለቀሰችው ለቅሶ ነበር። ያ ሌሊት ምንም አልወሰደባቸውም። ቦጋለ ድልድዩን ሮጦ ቢሻገር፣ ጥይት ቢስተው፣ ሐኪሙን ከእንቅልፉ ቢያስነሣ፣ ኤሌኒ ያው ትሞት ነበር። ባሏ ንጹሕ ሰው ነው፤ አሁን በምን እንዳወቀች ትነግረዋለች።

ከድር እስክትረጋጋ ጠበቀ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሥራ ሲጀምር እስከ ጫፉ ካልሄደ አይሆንለትም። «ይሄ ጥሩ ጥናት ነው፤ ለሐኪሞቹ መቅረብ አለበት» አላት። «ግን ስታቀርቢው መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስለ ሌላው መድኃኒት ነው። ክሎራምፌኒኮልን ኢንዛይሙ አይነካውም ብለሽኝ አልነበር? እሱንም እናስገባው።»

ትሩፋት እምቢ ማለት ትችል ነበር። ሳታስበው «አስገባው» አለች።

ጎህ ሲቀድ የተወጋው ስሌት ሲመጣ ባክቴሪያው እየቀነሰ ሄደ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲጀመር ቁጥሩ ሐኪሞች በሽተኛው አይተርፍም ብለው ከጻፉት ወሰን አልፎ ነበር። የእኩለ ሌሊቱን ሲያስነሡት መስመሩ ከወሰኑ በታች ጀመረ፣ ጎንበስ አለ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ባዶ ሆነ።

ከድር ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ ቀድዶ ሊያነሣው እጁን ሰደደ። ትሩፋት ቀደመችው።

«ምላሴን በቆረጠው» አለ ከድር።

«አንተ ምን አደረግህ፤» አለችው፣ «እውነቱ ነው።»

እሑድ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወዳለው የኤሌኒ መቃብር ሄዱ። ጥቅምት ገብቶ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነበር። ቦጋለ መቃብሩ ዙሪያ የበቀለውን አረም ነቃቅሎ ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ትሩፋት ከአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ቦጋለ፣ በምን አወቅሽ ብለኸኝ ነበር።»

ወዲያው ገባው። ቀና ብሎ አያት።

ሁሉንም ነገረችው። ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ከድር ማሽን። ኢንዛይሙ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚሰብረው መሬት ላይ በስንጥር እየሳለች አሳየችው። ሲያዳምጥ ከንፈሩ ትንሽ ተከፍቶ፣ እንደ ተማሪ ሆኖ ነበር።

«ስለዚህ እኩለ ሌሊት ብንሄድም፣ ጠዋት ብንሄድም…»

«ያው ነበር። አምፒሲሊኑ አይጠቅማትም ነበር።»

ቦጋለ በረጅሙ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንዲህ ሲተነፍስ አይታው አታውቅም። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትሩፋት ጀርባውን እያሻሸች፣ ይህችን ሰዓት የሰጣትን አምላክ በሆዷ አመሰገነች። ይበቃል አለች ለራሷ። ይህች ትበቃዋለች።

ተነሥተው ጥቂት እንደሄዱ ቦጋለ ቆመ።

«በዚያ መድኃኒት ከሆነ ነው ግን፤ አይደል?»

«አዎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልነበረም» አለች።

ይህን ስትል ዓይኗን ወደ ሜዳው አዞረች። ባሏ ለዓመታት አብሯት የኖረ ሰው ነው። አጠገቧ መጥቶ፣ ልክ ኤሌኒ ስትታመም እንደሚያደርገው፣ ግንባሯን በመዳፉ ዳሰሰ።

«አስልተሽዋል» አላት ቀስ ብሎ።

«ቦጋለ፣ ተወው።»

«እኩለ ሌሊት ብንሄድ ትተርፍ ነበር?»

«ሐኪሙ ሌላውን መድኃኒት አይሰጣትም ነበር! ገባህ? በምንም ሰዓት ብንደርስ መጀመሪያ የሚሰጠው አምፒሲሊን ነው። ባክቴሪያው እንዲህ መሆኑን ያን ሌሊት ማንም አያውቅም። ደግሞስ ድልድዩ ላይ ቢመቷችሁ? አንተንም እሷንም ባጣስ?»

«ቢሰጣትስ ነው ያልኩሽ። ያ መድኃኒት ቢሰጣትስ?»

ትሩፋት መዋሸት አቃታት። «ማሽኑ ትተርፋለች ይላል» አለች።

ቦጋለ ራሱን ነቀነቀ። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ነበርና አንሥቶ መለሰላት።

«ልትሸፍኝልኝ ሞከርሽ» አላት። «እግዜር ይስጥሽ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቦጋለ ዝምታውን ተወ። ይህ ነው ትሩፋትን ያታለላት። ራት ላይ ስለ ጋራዡ ያወራል፣ የእትዬ ዙሌካን አጥር ጠገነላቸው፣ አንድ ሁለቴም ሳቀ። ሻል አለው ብላ ተጽናናች። በኅዳር ማለቂያ ግን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ለሚሄደው የጭነት መኪና ጓድ መካኒኮች ሲጠየቁ ስሙን የሰጠ እሱ ራሱ መሆኑን ሰማች። የጋራዡ ኃላፊ ሐዘንተኛ ነህ፣ ቅር ቢለው እንኳ አልሰማም።

«ለምን?» አለችው ሻንጣውን ሲያሰናዳ። «ልትሞት ነው የምትሄደው?»

«ልሞት አይደለም።» ካልሲዎቹን አንድ በአንድ እየጠቀለለ ነበር። «እዚያ ሌሊት ለሌሊት የሚነዱ መኪናዎች አሉ፤ ቁስለኛ የሚያመላልሱ። ሲበላሹ የሚጠግን ሰው የለም አሉ። እኔ ያን መጠገን እችላለሁ።»

«እዚህስ? እኔስ?»

ሻንጣውን ዘጋው። ያን ሰሞን በመካከላቸው የነበረው ሁሉ ደግነት ነበር፤ ደግነቱ ግን አላስቀረውም። ጠዋት የንፋስ ስልኩ ጋራዥ በር ላይ፣ ከሌሎች ሚስቶችና እናቶች ጋር ቆማ ሸኘችው። ከጭነት መኪናው ጀርባ ሆኖ እጁን አነሣላት፤ መኪናው ሲታጠፍ አቧራው ሸፈነው።

በጥር ወር ጥናቱ ለሐኪሞች ቀረበ። ትሩፋት ቆማ፣ ድምፅዋ ሳይዛባ፣ ስለ ኢንዛይሙ ፍጥነት፣ ስለ መድኃኒቱ መጠን፣ ማሽኑ ስላሰላው አስረዳች። ያ ኤሌኒን ያከመው ሐኪም ከኋላ መደዳ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሐኪም እጃቸውን አንሥተው፣ «ይህ ናሙና የተወሰደባት በሽተኛ በመጨረሻ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ።

«ሞተች» አለች ትሩፋት። ቀጥሎ ወደሚታየው ሥዕል አለፈች።

ከስብሰባው በኋላ የኤሌኒ ሐኪም በሩ ላይ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዛሬ ጀምሮ ማጅራት ገትር ላለበት ሕፃን ሁለቱንም መድኃኒት አብሮ እንደሚያስጀምር ነገራት። እሷም እጁን ጨብጣው ሄደች። ያን ማታ ዜናውን የምትነግረው ሰው ፈልጋ፣ ቤት ውስጥ ስትዞር ቆይታ ተኛች።

መጋቢት ላይ ሰሜን ውስጥ አንድ ትልቅ ግንባር ተሰበረ። ሬዲዮው አልተናገረም፤ ወሬው ግን መካኒሳ ገበያ ላይ ከሰው ሰው ተሹለክልኮ ደረሰ። ከቦጋለ ጓድ የተመለሰ መኪና የለም ተባለ። ትሩፋት ቀበሌ ሄዳ ጠየቀች፤ ጠብቂ አሏት። ወደ ጦሩ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ ከሞቱት መካከል የለም አሏት። «ካሉትስ መካከል?» አለቻቸው። እዚያም የለም። መርዶ አልመጣም። ድንኳን እንዳትተክል አልሞተም፤ በሩን እያየች እንዳትጠብቅ መምጫው አይታወቅ። ጥቁር ልብሷን ለኤሌኒ እንደለበሰችው አላወለቀችውም፤ ስለዚህ ለማን እንደሆነ የሚጠይቃት አልነበረም።

እትዬ ዙሌካ ማታ ማታ እየመጡ አብረዋት ይቀመጡ ነበር። ብዙ አያወሩም። ሱፍ ይፈለፍላሉ፤ አንዳንዴ ለመስገድ ይነሣሉ። አንድ ምሽት፣ ምን ጨነቀሽ ሳይሏት፣ ትሩፋት፣ «እኔ ባላሰላው ኖሮ አይሄድም ነበር» አለች።

እትዬ ዙሌካ የሱፉን ሰፌድ አስቀመጡ። «እሱስ ደጃፍ ላይ ባልቆም ነበር ያለው። አንቺ ደግሞ ባላሰላው አልሽ። ሁለታችሁም ለልጃችሁ ብላችሁ ነው፤ የእኔ ልጅ። ተይው አሁን፤ ተይው» አሏትና ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1983 ላይ፣ መንግሥት ወደቀ። ከየግንባሩ የተበተኑት ወታደሮች ጫማ የሌላቸው፣ ካኪያቸው በላያቸው ያለቀ፣ አስፋልቱን ይዘው ወደ ከተማ ገቡ። ትሩፋት ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ መንገድ ዳር ቆማ ፊታቸውን ታያለች። የሰሜኑን የጥገና ጓድ ታውቃለህ ብላ ያልጠየቀችው የለም። የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ እንጀራ ተስፋ አድርጎ አውቃለሁ ይልና፣ የቦጋለን ቁመት ንገረኝ ስትለው ይምታታበታል። ያም ሆኖ ታበላዋለች።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ ባባራበት ቀን፣ አንዱን ወታደር ድክም ብሎት አጥሯ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ወጣት ነው፤ አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠምጥሟል። አስገባችው። በፊት ለፊቱ በር። ወንበር ሰጥታ ውኃ አቀረበችለት፣ ምስር ወጥ አሙቃ አመጣችለት። ይህን ግን ምንም አልጠየቀችውም። ደክሟት ነበር።

ግማሽ ያህሉን በልቶ ቀና ሲል ጥቁር ልብሷን አየ።

«እትዬ፣ ሰው ይጠብቃሉ?» አላት።

«ባለቤቴን።»

«የት ነበሩ?»

ነገረችው። ወጣቱ የቦታውን ስም ሲሰማ እጁ ከትሪው ላይ ቀረ። አንገቱን ደፋ፤ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው። ትሩፋት ጠበቀች። ሊናገር ይሁን ዝም ሊል አላወቀችም፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈልግም አላወቀችም።

አልተናገረም።

እሷም ወጡን ጨምራ አፈሰሰችለትና፣ «ብላ» አለችው። «አንተ ብላ።»